ባልዲ ዝም እንዲል የቀረበ ጥያቄ

ባልዲ ጥሩ መሣሪያ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለው ሁሉ እንደ ስሞታ እንዳይቆጠርብኝ ነው። በሕንፃችን ያልተጠቀመበት ቤት የለም። ገና ጅምር ስለሆነ ይሰናከላል፤ ግማሽ ያወረደውን ጥሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፤ አንዳንዴም የማታውቁትን ሰው የሠርግ ፎቶ አምጥቶ እንካችሁ ይላል። የሠሩት ልጆች ግን የሚከፍላቸው የለም። ኮዱን ለማንም ክፍት አድርገው፣ ከየሥራቸው ሲመለሱ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚጠግኑት። ስለዚህ ማንም አይቆጣቸውም። አስተያየት ስጡን ይላሉ፣ እንሰጣለን።

ነገሩ የመጣው ላይኞቹ ማስታወቂያ ካወጡ በኋላ ነው። "ላይ" የምንለው ንብረታችን ሁሉ የተቀመጠበትን ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ፎቶው፣ ድምፁ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ሐኪም የተናገረው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ያለው መስታወት፣ "ላይ" የተቀመጠውን ያሳያል እንጂ የራሱ የሆነ ምንም አይዝም። ማስታወቂያው አጭር ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ነገር እስከ ጳጉሜን ይጠፋል፤ የሞቱ ሰዎች ንብረት ደግሞ ዕድሜው ሳይታይ ቀድሞ ይጠፋል። ምክንያት አልተጻፈም። የጠየቀም የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባልዲ የወጣው ያን ሰሞን ነው። የሰው ስም ስትነግሩት፣ ያ ሰው የላከላችሁን ሁሉ ከላይ ቀድቶ ቤታችሁ ባለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። ስም ካልነገራችሁት በፊደል ተራ ከሀ ጀምሮ ይሄዳል። የእያንዳንዱን ሰው ሲከፍት ጮክ ብሎ ይናገራል፤ "ባለቤቱ በሕይወት አለ" ይላል፣ አለበለዚያም "ባለቤቱ አርፏል" ይላል። ልጆቹ ይህን ያስገቡት በቅንነት ነው። የሞተ ሰው ነገር ቀድሞ ስለሚጠፋ፣ ተጠቃሚው አውቆ እንዲያስቀድመው ብለው ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አስገባው ነበር።

እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ ባልዲን ያስጫነችው የወንድሜን የመክብብን ድምፅ ለማውረድ ነው። መክብብ ዳሎል ጨው ሜዳ ላይ፣ የባትሪ ማዕድን ከሚያወጡት ካምፖች በአንዱ ይሠራል። በየሳምንቱ ዓርብ ድምፅ ይልክላታል፤ ይህን ማድረግ ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። የሚልከው ቁም ነገር አይምሰላችሁ። ምን እንደበላ፣ አብሮት የሚያድረው ሰው እንዴት እንደሚያንኮራፋ፣ ጫማው እንዴት እንደቀለጠ፣ እንዲህ ያለ ትርኪ ምርኪ ነው። እማዬ ዐይኗ ከደከመ ቆይቷል። ዓርብ ማታ መስታወቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ትሰማውና "ይኸ ልጅ አሁንም አፉ አላረፈም" ትላለች። ቀጥላም ደግማ ትሰማዋለች።

መክብብ የሞተው ማክሰኞ ነው፤ እኔ የሰማሁት ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ማሽኖቹ ይሸምናሉ፣ እኔ ማሽኖቹን አያለሁ። የምግብ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ያለው መስታወት በራ። የተመዘገቡለት ሠራተኛ መክብብ ይርዳው በሥራ ላይ ሳለ በሙቀት ምክንያት አርፏል፤ ቀብሩ በካምፑ ተፈጽሟል፤ ማንበብዎን ለማረጋገጥ ይንኩ ይላል። ነካሁት። የቀረበልኝ ምስር ወጥ ነበር፣ ጨረስኩት። ከዚያ ወደ ማሽኖቼ ተመለስኩ። ለምን እንደዚያ ሆንሽ አትበሉኝ። አጠገቤ የሚያለቅስ ሰው ቢኖር እኔም አለቅስ ነበር መሰለኝ። ሁሉም ይበሉ ነበር።

ማታ ሳልገባ በፊት የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ወልደየስ ዘንድ ሄድኩ። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ይዘው፣ እናትሽ ሰምታለች ወይ አሉኝ። አልሰማችም አልኩ። እንግዲያው እንዳትሰማ አሉ፣ ወረፋ እስኪደርሰን።

ወረፋ የሚሉት የለቅሶ ሰዓት ወረፋ ነው። የሕንፃችን ግድግዳዎች ይሰማሉ። ድምፅ ከልኩ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ቤት ያስለቅቃል። ስለዚህ ማልቀስ የሚፈልግ ሰው በእድሩ በኩል ያመለክታል፤ ተራው ሲደርስ ግድግዳዎቹ ለተወሰነ ሰዓት እንዳይሰሙ ይደረጋል፣ ታች ያለው አዳራሽም ይከፈታል። ያን ሰሞን ብዙ ሰው ሞቶ ስለነበር የእኛ ተራ ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው እሑድ ላይ ዋለ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ጋሽ ወልደየስ እንዳሉት ሰው አርድቶ ዝም በይ ማለት ትልቅ ነውር ነው። እናት ልጇ መሞቱን የምትሰማው ከሰው አፍ ነው፤ በሰማችበት ሰዓት ደግሞ መጮህ አለባት፤ የሚይዟትም ሰዎች በዙሪያዋ መኖር አለባቸው። ይኸ ሁሉ እስኪሟላ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ማንም ትንፍሽ አላለም። ሰዎቻችን በዚህ ጎበዝ ናቸው። እድርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ አሳንሰር ውስጥ ሲያገኟት "እንዴት አደሩ ወይዘሮ ዘነቡ፣ ወገብዎ ተሻለዎት?" ይሏታል፤ እሷም "እግዜር ይመስገን" ትላለች። እኔም ቀለም ያለው ልብስ እየለበስኩ ሥራ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ዓርብ ማታ መስታወቱ ዝም ሲል፣ ምነው ዛሬ መክብብ ጠፋ አለችኝ። የካምፑ ምሰሶ ወድቆ ነው፣ መልእክት አያልፍም አልኳት። "ይሁን" አለች። ከዚያ በኋላ ዓርብ ሲመጣ አልጠየቀችኝም። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ምን ያህል ደንዝዤ እንደነበር ከዚህ እዩት።

ያስፈራኝ ባልዲ ነበር። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ፣ እማዬ ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ባልዲ "ሀብቴነህ፤ ባለቤቱ በሕይወት አለ" ሲል ሰማሁ። በፊደል ተራ እየሄደ ነው ማለት ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ከዚያ መ ነው። ደግነቱ በሀ የሚጀምር ዘመድ አይጠፋንም፣ ባልዲም በየመሃሉ ተሰናክሎ ከሀ እንደገና ይነሳ ነበር። በሕይወቴ በመሣሪያ መበላሸት ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ እሷ ብቻዋን በተቀመጠችበት፣ አንድ ቀን መ ላይ ይደርሳል። የልጇን ሞት ከአንድ የፕላስቲክ ሣጥን ትሰማለች፤ ብትጮህ ግድግዳው ይሰማል፣ ባትጮህ ታፍና ትሞትብኛለች። ባልዲን ከቤት እንዳላጠፋው ደግሞ፣ እሱ ከሌለ የመክብብ ድምፅ ላይ እንዳለ ይጠፋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የላከው።

ስለዚህ ለልጆቹ ጻፍኩ። የባልዲ አስተያየት መቀበያ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው የማንንም ጥያቄ ማንበብ ይችላል። መጀመሪያ የሚያስሞሉት ነገር አለ። ምን ይሆናል ብለው ጠበቁ? በምትኩ ምን ሆነ? ችግሩን እኛም ዘንድ ለመድገም ምን ማድረግ አለብን? ለሦስተኛው "የምትወዱት ሰው ይሙት" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ልጆቹ ምን አጠፉ። በምትኩ በጨዋ ቃል፣ ባልዲ ስለ ባለቤቱ ሁኔታ የሚናገረውን ነገር የቤቱ ሰው ለጊዜው ዝም ማሰኘት እንዲችል እጠይቃለሁ ብዬ፣ ምክንያቱን ጽፌ ላክሁ።

መጀመሪያ የመለሰልኝ ዮናዳብ የሚባል ልጅ ነው። ባልዲ እውነት እንዲደብቅ ካደረግነው ከላይኞቹ በምን ተለየን ይላል፤ ዛሬ ሞትን ደብቁ ያለ ሰው ነገ ሌላ ነገር ደብቁ ይላል፤ ተጠቃሚ የማወቅ መብት አለው። ልጁ እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያናደደኝ። ሌላው ደግሞ መርዶ ምንድን ነው፣ ስንት ደቂቃ ይወስዳል ብሎ ጠየቀ። አንዷ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ቃል ቀድተን ባልዲ ራሱ በለስላሳ ድምፅ ቢናገረውስ የሚል ሐሳብ አቀረበች፤ ስምንት ሰው ደገፋት። እኔ ሁሉንም አንብቤ መብራቱን አጠፋሁ። ከእነሱ ጋር ልጨቃጨቅ አልፈለግሁም፤ ብቻ እሑድ እስኪደርስ ባልዲ ዝም ይበልልኝ።

በማግስቱ ኤልዳና ጻፈችልኝ። ባልዲን መጀመሪያ የጀመረችው እሷ ናት ይባላል፤ ጅማ ነው የምትኖረው። ጥያቄው ትክክል መሆኑን፣ እንደምትሠራው፣ ለሚቀጥለው እትም እንደሚደርስ ነገረችኝ። ከታች ግን አንድ መስመር ነበር። "ጥያቄዎ ቀድሞ ከቀረበ ተመሳሳይ ጥያቄ ጋር ተዋህዷል። የቀድሞው የመጣው ከራስዎ ቤት ስለሆነ፣ መላክዎን ረስተውት ይሆናል" ትላለች።

እኔ ሌላ ነገር አልላክሁም። ከፍቼ አየሁት። በቃል ተነግሮ የተጻፈ ነው፤ አነጋገሩን ከመጀመሪያው ቃል አወቅሁት።

"ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ባልዲያችሁ ደህና ነው፣ ይሠራል። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የልጄን ድምፅ አውርድልኝ ስለው ባለቤቱ አርፏል፣ በዚህ ቀን ነው ያረፈው አለኝ። እሺ፣ ሰማሁ። ግን ተሰናክሎ በተነሳ ቁጥር ይነግረኛል፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። ደግሞ ሴት ልጄ አብራኝ አለች። ሰው ሰብስባ እስክታስረዳኝ ወረፋ እየጠበቀች ነው። እኔ ከዕቃ መስማቴን ካወቀች ትሰበራለች፣ እሷ ብዙ ለፍታለች። እስከዚያ ዝም የሚልበትን መላ አብጁለት። አሁን እሷ ስትገባ ከሀ አስጀምሬው ነው የምቀመጠው። ቸር ይግጠማችሁ።"

የተላከው የመጀመሪያው ዓርብ ሳይመጣ በፊት ነው። ምነው መክብብ ጠፋ ብላ ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር። ባትጠይቀኝ እጠረጥራለሁ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

ለነገሩ እኔ ምን ነክቶኝ ነው? ልጇ ዳሎል ያለ፣ ባልዲንም ለእሱ ብላ ያስጫነች የትኛዋ እናት ናት ስሙን መንገር ትታ ከሀ የምትጀምር?

መስታወቱን ዘጋሁ። የታጠበ ልብስ ነበር፣ ቁጭ ብዬ አጠፍሁ። እማዬ ከጓዳ፣ ራት እናቅርብ ወይስ ትንሽ ትቆያለሽ አለችኝ። እናቅርብ አልኩ። በላን። ወጡ ጨው አንሶታል አለች፣ አዎ አንሶታል አልኩ። ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ውሸቴን አይደለም። እንደማውቅ ብነግራት ግን ሁለታችንም ያንን ነገር በአፋችን ልናወጣው ነው፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ዝም አይባልም፤ ግድግዳው እንደሆነ እየሰማ ነው። ስለዚህ እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ እሷን ስጠብቅ፣ ሁለታችን አንድ ማዕድ ላይ ሰነበትን። ናፈቀችኝ። እፊቴ ተቀምጣ እናቴ ናፈቀችኝ።

አዲሱ የባልዲ እትም ሐሙስ መጣ። "ይቆይ" የሚል ምርጫ ተጨምሮበታል። ስከፍተው ተመርጦ አገኘሁት፤ ቀድማኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ቤት ነበርን። ባልዲ ያለወትሮው ሳይሰናከል ሄደ። ሀብቴነህን አለፈ፣ ልኬለሽን አለፈ፣ ሐመልማልን አለፈ፣ ለእነሱም ምንም አላለም። ከዚያ መክብብን ከፈተ። ምንም ድምፅ አልነበረም፣ ትንሿ መብራት ብቻ አረንጓዴ ሆና እየበራች ቆየች። የመክብብ ስለሚበዛ ረጅም ጊዜ ፈጀ። እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። እኔ ወለሉን አያለሁ። መብራቷ ስትቆም "ወረደ?" አለችኝ።

"ወረደ" አልኳት።

"በይ እሰይ" አለች፤ ተነስታ ሣጥኑን በጨርቅ ሸፈነችው።

ማታ ኤልዳና አዲሱ ነገር ይሠራል ወይ፣ አስተያየት ካለዎት ብላ ጠየቀችኝ። ይሠራል፣ እናመሰግናለን ብዬ መለስኩላት። ጥያቄዎ ተዘግቷል የሚል መልስ መጣ።

እሑድ ንጋት ላይ ጋሽ ወልደየስ ስድስት ሰው አስከትለው መጡ። ደረጃውን በእግራቸው ነው የወጡት፤ አሳንሰሩ ይጮሃል ብለው ፈርተው። በሩን ከፈትኩላቸው። በራፉ ላይ ያለችው የግድግዳው መብራት ጠፍታለች፣ ሰዓታችን ጀምሯል ማለት ነው። እማዬን ልቀሰቅሳት ስገባ አልጋዋ ላይ ለብሳ ቁጭ ብላለች፤ ፀጉሯን ሸፍናለች። ማን ነው አላለችኝም። ክንዴን ይዛ ወጣች፤ ሰዎቹ በሙሉ ተነሱላት፤ ተቀመጡ አለቻቸው፣ ተቀመጡ። ሁለት ሴቶች እንደ ደንቡ ግራና ቀኟን ያዙ።

ጋሽ ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሠርተውታል። ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን፣ የማይቀርልን መሆኑን፣ እግዚአብሔር ሲሰጥም ሲወስድም ያው እሱ መሆኑን ጀመሩ። እማዬ እጇን አነሳች።

"ወልደየስ፣ አንዴ ቆየኝማ" አለች።

ንግግራቸውን አቋረጡ።

"የመጣህበትን አውቄዋለሁ። እናንተ እስክትመጡ ነው የጠበቅሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይችን ልጅ ማን አረዳት?"

ሰዎቹ ተያዩ። ጋሽ ወልደየስ እኔን አዩኝ። የነገርኳቸው እኔ እንጂ የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም።

"እሱ በሞተ በማግስቱ ከሥራዋ ብቻዋን ነው የገባችው" አለች እማዬ። "በር ላይ አዳመጥኩ፣ የሚከተላት የሰው ኮቴ የለም። ማንም አላረዳትም። እሷም እንደ እኔ ከዕቃ ነው የሰማችው። ይኸውና ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን ሳታለቅስ እኔን ትጠብቃለች። እኔ የማለቅሰው በኋላ ነው። መጀመሪያ እሷን አርዷት።"

እኔ ምን ያስፈልጋል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ ቀኟን የያዘቻትን ሴት ገለል አድርጋ፣ ነይ ተቀመጪ አለችኝ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ መጥታ የእኔን ክንድ ያዘች። እጇ ይሞቃል። እንዲህ ሰው ከያዘኝ ስንት ጊዜው ነው።

ጋሽ ወልደየስ ከወንበራቸው ተነሱ። እፊቴ መጥተው፣ ያን ሁሉ ስለ ሞት የሚባለውን ነገር ሳይዘሉ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመሩልኝ፤ ሰው ሁሉ ሟች ነው፣ ለማናችንም አይቀርልንም፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ወሰደ። ምንም እንዳልሰማ ሰው ቁጭ ብዬ አዳመጥኳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ማስተዋል፣ ልጄ" አሉኝ። "ወንድምሽ መክብብ ሞቷል።"

የጮኸችው እማዬ መሰለችኝ። እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ወንዶቹ ራሳቸውን ደፉ። እማዬ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ራሴን ወደ ደረቷ ስባ "ይውጣልሽ፣ አልቅሺ" አለችኝ፤ ከዚያ እሷም ጀመረች።